ያልተጠየቅሁት ዓመት

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል። እውነት ነው፤ በእኔ ዝምታ ዝንብ አልገባም። የገባው ስምንት ዓመት ነው። ስምንት ሙሉ ዓመት በአንዲት ሴት ዝምታ ሾልኮ ገብቶ የልጇን እንጀራ ሊወስድባት ምን ያህል ቀርቶት እንደነበር ላጫውታችሁ። አላረዝመውም። ማርዘም አላውቅበትም።

መነሻው ቀኖና ነው። ዐቢይ ጾም ሊገባ ሰሞን ለንስሐ አባቴ ስናዘዝ፣ በልብስ ማስጫ ገመድ የተነሳ ለጎረቤቴ ክፉ ቃል መመለሴን ተናገርኩ። ቃሉ አንድ ነበር። እንዲያውም ግማሽ፤ ሁለተኛውን ግማሽ የጨረስኩት በሬን ከዘጋሁ በኋላ ነው። አባ ጢማቸውን ይዘው ትንሽ አሰቡና፣

«በአፍ የመጣ በአፍ ይመለስ» አሉ። «እስከ ትንሣኤ ያልጠየቁሽን አትናገሪ። ሲጠይቁሽ መልሺ። ካልጠየቁሽ ዝም።»

ደስ አለኝ። ስግደት ቢሆን ጉልበቴ እሺ አይልም ነበር። ዝምታ ለእኔ ዕረፍት ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ጸሐፊ ሆኜ የሰው ቃል ስጽፍ ስለኖርኩ፣ የራሴ ብዙም ሳይነካ ተቀምጧል። አሜን ብዬ ተቀበልኩ። አደጋው «ካልጠየቁሽ» በምትለው ቃል ውስጥ መሸሸጉ አልታየኝም።

ሁለተኛው ጥፋተኛ ኮምፒውተሩ ነው። ካዛንቺስ ከነበረው መሥሪያ ቤቴ በጡረታ ስወጣ፣ ባልደረቦቼ የምጽፍበትን አሮጌ ኮምፒውተር አስፈቅደው ሸለሙኝ። ለሌላው ጡረተኛ ጋቢና የግድግዳ ሰዓት ነበር የሚሰጠው። ለእኔ ኮምፒውተሩን ከነገመዱ አስረከቡኝ። ተመስገን። ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ባለችው ሁለት ክፍል ቤታችን፣ ከእመቤታችን ሥዕል በታች፣ በእጄ የሠራሁትን ዳንቴል ለብሶ ተቀመጠ። ጠዋት ጠዋት የሰበካ ጉባኤውን ደብዳቤ ለበረከት ብዬ እጽፍበታለሁ። ከዚያ በኋላ የልጄ ነው።

ታዲያ ይህ ኮምፒውተር አንድ ሕመም አለበት። ውስጡ ያለችው ትንሽ ባትሪ ስለሞተች፣ ሲጠፋ ቀኑንም ዓመቱንም ይረሳል። ጠዋት ሲከፈት የተሠራበት ዓመት ላይ ነው የሚነቃው። እኔ ደግሞ ቀን የማያውቅ ጸሐፊ ቤቴ አላስቀምጥም። በሥራ ዘመኔ ዓመተ ምሕረቱ የተሳሳተ ደብዳቤ ከመዝገብ ቤት ይመለስ ነበር፤ አንድ ጊዜ የተመለሰብኝን እስከ ዛሬ በሕልሜ አየዋለሁ። ስለዚህ ጠዋት ስከፍተው፣ ከሁሉ በፊት አማትቤ ቀኑን እሞላለታለሁ። ቀን፣ ወር፣ ዓመተ ምሕረት። ደብዳቤው ራስጌ ላይ ቀኑን የሚያወጣው ኮምፒውተሩ ራሱ ነውና፣ በትክክል ካልሞላሁለት ለሀገረ ስብከቱ የፈረንጅ ቀን ጽፎ ያዋርደኛል። ዓመቱ ሁለት ሺህ ሦስት ነበር። ሁለት ሺህ ሦስት ብዬ እሞላለሁ።

መከራ የለውም አልልም። ሁለተኛውን ወር በሃያ ስምንት ስለሚጨርሰው ጥቅምት ሃያ ዘጠኝና ሠላሳ የለውም። ጳጉሜንንማ ጭራሽ አያውቃትም። ጳጉሜን ስትገባ ክርስትና እንዳልተነሳ ልጅ አዝንለትና ደብዳቤ ሳልጽፍበት እከርማለሁ።

ሰዓቱን ግን ልጄ እንደለመደችው በፈረንጅ ነው የምሞላላት። ከታች ጥጉ ላይ የሚታየው ሰዓቱ ብቻ ነው። ዓመቱ ካልፈለጉት አይታይም። ይህችን ያዙልኝ።

ልጄ ቤዛ ትባላለች። አንድ ናት። ኮምፒውተር ተምራ ከተመረቀች ዓመት አልፏት፣ የማመልከቻዋ ክላሰር ከእሷ በፊት አርጅቶ ነበር። እህቴ ዘነበች ባምቢስ አካባቢ የመዋቢያ ዕቃ ሱቅ አላት። በየሳምንቱ ትደውላለች።

«እትዬ፣ ልጅቷ ግድግዳ ስታይ ከምትውል መጥታ ሱቅ ትቀመጥልኝ። ቢያንስ ሰው ታያለች።»

ክፉ አይደለችም። ለእኛው ብላ ነው። ቤዛ ግን የዘነበችን ስልክ በሰማች ቁጥር ታጥራለች። ቁመቷን ማለቴ ነው። እናት ስለሆንኩ አይቼዋለሁ።

በጥር እግዚአብሔር አሰበን። ካዛንቺስ ያለች አንዲት ትንሽ የጥርስ ክሊኒክ የቀጠሮ መዝገቧን በኮምፒውተር እንድትሠራላት ቤዛን ጠየቀቻት። ሠራች። የታካሚው ስም፣ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የትኛው ጥርስ እንደሆነ ሳይቀር ያሳያል። ተወደደላት። ከዚያ ክሊኒኩ ኡራኤል ሁለተኛ ቅርንጫፍ ሊከፍት ሆነ። ፕሮግራሙ አንድ ኮምፒውተር ላይ ታስሮ መቀመጡ ቀርቶ፣ ኢንተርኔት ላይ ተጭኖ ሁለቱም ቦታ ከዚያ ላይ የሚከፍቱት እንዲሆን ተፈለገ።

«እስከ ዓርብ ሁለቱም ቦታ ከተከፈተልኝ በቋሚነት እቀጥርሻለሁ» አለቻት የክሊኒኩ ባለቤት ዶክተሯ። «ካልሆነ አትቀየሚኝ ቤዛ፣ የተዘጋጀ ይዞ የሚመጣ ድርጅት አለ።»

ቤዛ ቤት ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ፣ «እማዬ፣ ይሄ ካልሆነ በቃ፣ ሰኞ ዘነበች ጋ እገባለሁ። ሙያውንም እተወዋለሁ» አለች።

ጥያቄ አልነበረም። ዝም አልኩ።

ሰኞ ከሰዓት ሥራው ተጀመረ። አጠገቧ ተቀምጬ ዳንቴሌን እሠራለሁ። ቤዛ ሲጨንቃት ጮክ ብላ ነው የምታስበው፤ አንድም ነገር ሳልጠይቅ ሁሉንም ሰማሁ። ፕሮግራሙን ጠቅልሎ ወደ ኢንተርኔት የሚልክ «ፐብሊሽ» የሚባል ነገር አለ። እሱን ከመጫን በፊት ግን ገጽ ሙሉ ምርጫ ይደረደራል። እያየሁት ሲሄድ ገባኝ፤ ልጅን መንገድ እንደ መላክ ነው። ሲደርስ እዚያው ኮምፒውተር ላይ ይቀመጣል ወይስ ሁልጊዜ ከኢንተርኔት እየተነሳ ይመላለሳል? አዲስ ነገር መኖሩን ቤት መጥቶ የሚጠይቀው በየስንት ጊዜው ነው? ማኅተም ይዟል? የማን ልጅ ነው?

«የማን ልጅ» ያልኩት «አሳታሚ» የሚለውን ባዶ ቦታ ነው። ቤዛ እዚያ ላይ ስትደርስ ቆመች።

«እዚህ ጋ የድርጅት ስም ይፈልጋል። ምን ልበለው እማዬ?»

ተጠየቅሁ። «ፈራሚ የሌለው ደብዳቤ አይወጣም» አልኩ።

«ድርጅት የት አለኝና። ይለፍ።»

ባዶውን ዘለለችው። አልወደድኩትም። ሁለተኛ ግን አልጠየቀችኝም።

ቀጥሎ የስንቅ ነገር መጣ። ፕሮግራሙ እንዲሠራ ሌሎች አጋዥ ፕሮግራሞች ያስፈልጉታል። አብረው ይታሰሩለት ወይስ እዚያ ሲደርስ ራሱ ከኢንተርኔት ይፈልጋቸው? ቤዛ ብዕሯን ነክሳ ወደ እኔ ዞረች።

«እማዬ፣ አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊያለሽ?»

እናት ይህን ትጠየቃለች? ቤዛ ለአንድ ሳምንት ልምምድ አዳማ ስትሄድ ሦስት ኪሎ ሽሮ፣ ሁለት ኪሎ ቆሎና ወፍራም ብርድ ልብስ ያስያዝኩ ሴት ነኝ። አዳማ! ብርድ ልብስ!

«ይታሰርለት።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

ማክሰኞ ጠዋት ፍላሿን ከማተቧ ጋር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ወጣች። ቤታችን ኢንተርኔት ስለሌለ ሰፈር ካለው ኢንተርኔት ቤት ነው የምትጭነው። ከሦስት ሰዓት እስከ ስምንት ሰዓት ተቀመጠች። ሽሮውና ብርድ ልብሱ ከባድ ነበር። ሊያልቅ ሁለት በመቶ ሲቀረው መብራት ጠፋ። መብራት ሲመጣ ከዜሮ ጀመረ። አርባ ላይ ሲደርስ መስመሩ ተቋረጠ። ባለቤቱ መጥቶ ከኋላዋ ቆመና፣

«እህት፣ ምንድነው የምትጭኚው? ቤት እየቀየርሽ ነው እንዴ?» አላት።

ተመልሳ መጥታ፣ «እማዬ፣ ስንቁን ላውርደው?» አለችኝ።

«አውርጂው» አልኩ። 

ስንቁ ተፈታ። የቀረችው ቀላል ጥቅል በሃያ ደቂቃ ተጫነች። ቤዛ በደስታ ከኢንተርኔት ቤቱ በቀጥታ ካዛንቺስ ሄደች። ክሊኒኩ ደርሳ ከፈተችው።

እንቢ አለ። «የዚህ ፕሮግራም ማኅተም ጊዜው አልፎበታል» የሚል ጽሑፍ አውጥቶ ተገተረ።

ማኅተም ነው የምለው፣ ሥራው ማኅተም ስለሆነ ነው። ፕሮግራም ከኢንተርኔት ሲመጣ እንዲታመን አብሮት ማኅተም ይቀመጣል። እሱንም ኮምፒውተሩ ራሱ ይቀርጸዋል። ከተቀረጸበት ቀን ጀምሮ አንድ ዓመት ያገለግላል፤ ከዚያ ያልፍበታል። ቤዛ የቀረጸችው ሰኞ ዕለት ነው። ሰኞ የተቀረጸ ማኅተም ማክሰኞ እንዴት ያረጃል? ሽንብራ እንኳ ለመሻገት ከዚያ በላይ ይቆያል።

ረቡዕ አዲስ ማኅተም ቀረጸች። ጫነች። ካዛንቺስ ሄደች። ጊዜው አልፎበታል። ቤት ተመለሰች። ሌላ ቀረጸች። ጫነች። ሄደች። ጊዜው አልፎበታል። የክሊኒኩ እንግዳ ተቀባይ ሲስተር አልማዝ፣

«ቤዝዬ፣ እንዲህ ከተመላለስሽማ አንድ ጥርስ ነቅለን እንላክሽ፤ ባዶሽን አትመለሺ» አለቻት አሉ። ቤዛ ስትነግረኝ ለመሳቅ ሞከረች። አልሆነላትም።

አብሯት የተማረ ልጅ ጋ ደወለች። ስልኩ ጮክ ስለሚል ሰማሁት። «ቫይረስ ነው በቃ። ፎርማት አድርጊው፤ ከዜሮ ጀምሪ» አላት። ፎርማት ማለት ያለውን ሁሉ ማጥፋት መሆኑን አውቃለሁ። የሰበካ ጉባኤው የሁለት ዓመት ደብዳቤ፣ ከነግልባጩ፣ በዓይኔ ላይ ሄደ። አልተጠየቅሁም። ዳንቴሌን ግማሽ ድረስ ፈታሁት። ስህተት አልነበረበትም፤ እጄ ነው ሥራ ያጣው።

ያን ዕለት ከቅዳሴ ስመለስ ጠበል ይዤ መጣሁ። ኤሌክትሪክ ስለምፈራ ኮምፒውተሩ ላይ አልረጨሁም። ወንበሯ ላይ ረጨሁ። ቤዛ መጥታ ተቀመጠችና ብድግ አለች።

«እማዬ፣ ወንበሩ ለምን ረጠበ?»

«ጠበል ነው።»

«ለእኔ ነው ለእሱ?»

«ለሁለታችሁም።»

ተመልሳ ተቀመጠች። እርጥቡ ላይ። ልጄ እንዲህ ናት። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «እማዬ፣ ጠዋት ደብዳቤ ስትጽፊ ፕሮግራሜን የምትነኪው ነገር አለ?» አለችኝ።

«የለም።»

እግዚአብሔር ያውቃል፣ አልዋሸሁም። ፕሮግራሟን ነክቼ አላውቅም። ሐሙስ ጠዋትም እንደ ልማዴ ተነሳሁ፤ አማተብኩ፤ ቀኑን ሞላሁ። መጋቢት፣ ሁለት ሺህ ሦስት። ደብዳቤዬን ጻፍኩ። ከዚያ ወንበሩን ለቀቅኩላት።

አልተቀመጠችም። ቆማ አየችው። ዳንቴሉን አነሳችና እንደ ታመመ ሰው በቀስታ አለበሰችው። ክላሰሯን ከጠረጴዛው ላይ አንስታ አልጋዋ ሥር ከተተች።

«ለዘነበች ደውይላት እማዬ። ሰኞ ትመጣለች በያት።»

ልጄ አጥራ ታየችኝ። ከዚያ በፊት አይቼው በማላውቀው ልክ።

እኔ ሃያ ስድስት ዓመት ጸሐፊ ነበርኩ ብያችኋለሁ። የተመለሰ ደብዳቤ ሲመጣ መጀመሪያ የሚደረገው ማልቀስ አይደለም። ለምን እንደተመለሰ ጀርባው ላይ የተጻፈውን ማንበብ ነው። ይህን ደግሞ እስካሁን ማንም አልጠየቀኝም። አባን አሰብኩ። ቀኖናዬን አሰብኩ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሳልሰብረው ቆይቻለሁ። ልጄን አየሁ።

«ምን ብሎ ነው የመለሰው?» አልኩ።

ቤዛ ደነገጠች። ሳልጠየቅ ስናገር ከሰማች ቆይታለች። ክሊኒኩ ሳለች ከስክሪኑ ላይ የገለበጠችውን ወረቀት ከቦርሳዋ አውጥታ ከእንግሊዝኛው እየመለሰች አነበበችልኝ።

«‹ይህ ማኅተም የሚያገለግለው ከሁለት ሺህ ሦስት እስከ ሁለት ሺህ አራት ነው። ጊዜው አልፎበታል› ነው የሚለው። ሦስቱንም ጊዜ ያው ነው።»

«ታዲያ ምን አጠፋ?» አልኩ። «ዘንድሮ ሁለት ሺህ ሦስት አይደል እንዴ?»

«እኮ! እኔስ ምን አልኩ! ዘንድሮ ሁለት ሺህ ሦስት ሆኖ ሳለ ጊዜው አልፎበታል ብሎ ድርቅ...»

አቆመች። አፏ እንደተከፈተ ቀረ። ቀና ብላ ከኮምፒውተሩ በላይ የተሰቀለውን የቤተ ክርስቲያን ቀን መቁጠሪያ አየች። ሁለት ሺህ ሦስት ይላል። ኮምፒውተሩን አየች። እኔን አየች።

አትፍረዱባት። ቤታችን ውስጥ ያለው ሁሉ ሁለት ሺህ ሦስት ነው የሚለው፤ ቀን መቁጠሪያው፣ የውኃ ደረሰኙ፣ የዘነበች ልጅ የሠርግ ጥሪ። ዓይን የለመደውን አይመረምርም። ያን ወረቀት ሦስት ጊዜ አንብባዋለች፤ ሦስቱንም ጊዜ «ትክክል ነው» ብሎ ያለፈው ዓይኗ ነው። የክሊኒኩ ኮምፒውተር ግን በፈረንጅ አቆጣጠር ሁለት ሺህ አሥራ አንድ ላይ ነበር ያለው። እሱ ሲያየው የእኛ ማኅተም ካረጀ ሰባት ዓመት ሆኖታል።

«እማዬ» አለች በቀስታ። «ኮምፒውተሩ ላይ ዓመቱን የሚሞላው ማነው?»

«እኔ።»

«መቼ?»

«ሁልጊዜ። ጠዋት።»

«ሁለት ሺህ ሦስት ብለሽ?»

«ታዲያ ምን ልበል?»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አልጠየቅሽኝም።»

ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አለቀሰች ብዬ ተነሳሁ። እየሳቀች ነበር። እየሳቀች ወንበሩ ላይ ወደቀች፤ ከወንበሩ ደግሞ መሬት ላይ። መሬት ላይ ሆና፣ «ሰባት ዓመት! እማዬ ሰባት ዓመት!» ትላለች። እኔም ሳቄ መጣ። በጾም እንዲህ አይሳቅም ብዬ ነጠላዬን አፌ ላይ ብይዝ ባሰብኝ።

«ይቅር በይኝ» አልኳት። ይህንንም ማንም አልጠየቀኝም። በአንድ ጠዋት ቀኖናዬን ሦስት ጊዜ ሰበርኩ።

ዳንቴሉን ገፈፈችና ወንበሩ ላይ አስቀመጠችኝ። «ነይ አንቺው አስተካክዪው። ሁለት ሺህ አሥራ አንድ በይው።»

ጣቴ እንቢ አለ። ስንት ጊዜ የሞላሁትን ቦታ አውቀዋለሁ፤ ግን ስምንት ዓመት በአንድ ጊዜ መዝለል ቀላል አይደለም። በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ሦስት አባቷ በሕይወት ነበር። ቤዛ ዘጠነኛ ክፍል ነበረች፤ ጠዋት ጠዋት እጇን ይዞ እስከ ታክሲው ድረስ ይሸኛት ነበር። ይህ አሮጌ ኮምፒውተር ያን ሁሉ ቀን እኔ ሳላውቅ አባቷ ያለበት ዓመት ላይ ተቀምጦ ኖሯል። «ነፍሱን ይማር» አልኩና ሞላሁት።

አዲስ ማኅተም ተቀረጸ። ምርጫዎቹ እንደገና አንድ በአንድ ታለፉ። ስንቁ እንዲቀር፤ እዚያው ኮምፒውተር ላይ እንዲቀመጥ፤ በተከፈተ ቁጥር አዲስ ነገር እንዲጠይቅ። አሳታሚ የሚለው ባዶ ቦታ ላይ ስትደርስ ቆመች።

«እማዬ፣ ፊትሽን አዙሪ።»

አዞርኩ። ጥቂት ፊደል መታች። ፊቴን ስመልስ ገጹን ዘግታዋለች፤ ፍላሿን ነቅላ ልትጭነው ወደ ኢንተርኔት ቤቱ ሮጠች።

ያን ዕለት ከቅዳሴ በኋላ አባን ደጀ ሰላም አጠገብ አገኘኋቸው።

«አባ፣ ሳልጠየቅ ተናገርኩ።»

«ማንን ተሳደብሽ?»

«ማንንም።» ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ ነገርኳቸው። የመስቀላቸውን ጫፍ እያሻሹ ሰሙኝ።

«ልጄ፣ ዝም በይ ማለቴ እኮ ሰው ከምታስቀይሚ ብዬ ነው። ቤትሽ እሳት ሲነሳ ‹ጭስ አለ ወይ?› ብለው እስኪጠይቁሽ ልትጠብቂ ነበር?»

አንገቴን ደፋሁ። ባረኩኝ። ጥቂት ከሄድኩ በኋላ ከኋላዬ ጠሩኝ።

«ጳጉሜን የለውም ነው ያልሽኝ?»

«የለውም አባ።»

«ምስኪን» አሉ።

ዓርብ ጠዋት ቤዛ ቀሚሷን ተኩሳ ለበሰችና በሩ ላይ ቆመች። «አብረሽኝ ትመጫለሽ?» አለችኝ። ተጠየቅሁ፤ ሄድኩ። ታክሲ ውስጥ ፍላሿን ከማተቧ ጋር በአንድ እጇ ጨብጣ ነበር የተቀመጠችው። ረዳቱ ሒሳብ ሲል እንኳ አልለቀቀችውም፤ እኔ ከፈልኩ።

ክሊኒኩ ንጹሕ ነው። የመድኃኒት ሽታ አለው። ሲስተር አልማዝ ወንበር አመጣችልኝ። ዶክተሯ ጓንቷን እያወለቀች መጥታ ከቤዛ ኋላ ቆመች። ለኡራኤሉ ቅርንጫፍ ተደውሎ ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። ቤዛ ተጫነችው።

አንዲት ቀጭን መስመር ከግራ ወደ ቀኝ መሙላት ጀመረች። አቡነ ዘበሰማያት ጀመርኩ። መስመሯ ግማሽ ላይ ስትደርስ ቆመች። እኔም «ሲሳየነ» ላይ ቆምኩ። እንደገና ተንቀሳቀሰች፤ እንደገና ቀጠልኩ። አብረን ጨረስን።

ተከፈተ።

ሲስተር አልማዝ አንድ ቀጠሮ አስገባች። ከስልኩ ውስጥ የኡራኤሏ ልጅ ድምፅ ጮኸ። «መጣ! እኔም ጋ መጣ! ሰኞ አራት ሰዓት፣ የታችኛው መንጋጋ!»

ስለ መንጋጋ ሰምቼ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ዶክተሯ ቤዛን ትከሻዋን ያዝ አድርጋ፣ «ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል እዚህ» አለቻት። ሌላ ምንም አላለችም። እንዲህ ያለ ሰው ደስ ይለኛል። ቤዛን አየኋት። ወደ ልኳ ተመልሳለች። እንዲያውም በርዝመት ከዶክተሯ ትበልጣለች፤ እስከዚያ ቀን አላስተዋልኩም።

ልንወጣ ስንል ሲስተር አልማዝ፣ «ቆይ ቤዝዬ፣ ነገ ስከፍተው የት ነው የማገኘው?» አለች።

«ከታች ስታርት በይና ዝርዝሩን ክፈቺ። በአሳታሚው ስም ነው የተቀመጠው።»

ሲስተር ዓይኗን አጥብባ ከላይ ወደ ታች ፈለገች። ስሙ በላቲን ፊደል ስለተጻፈ ቆጥራ ነው ያነበበችው።

«እ... ማ... ዬ። እማዬ ነው የሚለው? እማዬ የሚባል ድርጅት አለ እንዴ?»

«አለ» አለች ቤዛ። ወደ እኔ አልዞረችም። «የቆየ ድርጅት ነው።»

ዶክተሯ የምር መስሏት፣ «ካዛንቺስ ነው ያለው?» ብላ ጠየቀች።

«ቂርቆስ ጀርባ ነው። ቅርንጫፍ የለውም።»

ሲስተር አልማዝ ወንበሯን ወደ እኔ አዞረች። «እናቴ፣ የሰፈርዎ ነው ማለት ነው። እርስዎ ያውቁታል?»

ተጠየቅሁ። ሲጠይቁሽ መልሺ ነው የተባልኩት። አፌን ከፈትኩ፤ ነገር ግን ድምፅ አልመጣም። የነጠላዬን ጥለት አፌ ላይ ያዝኩና ራሴን ነቀነቅኩ።

በዚያ ጾም ተጠይቄ ያልመለስኩት ያችን ብቻ ነው።